የጠየቀ ሰው ዕዳ አለበት

ስደተኛ እህል፣ ውሃና መጠለያ እንደሚያስፈልገው ማንም ያውቃል። ስደተኛን ማጥናትስ ለምን ያስፈልጋል? አጥኚው በጥናቱ ዲግሪ ይይዝበታል፤ የተጠናው ግን እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ይቀራል። ለመሆኑ የሰውን መከራ ጠይቆ፣ ጽፎ መሄድ ብቻውን ተገቢ ነውን?

የስደተኞች ጥናት ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ከሆነ ብዙ ዘመን አላስቆጠረም። ባርባራ ሃረል-ቦንድ የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1982 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስደተኞች ጥናት ፕሮግራም አቋቋሙ። በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍም በሱዳን ደቡባዊ ክፍል የነበሩትን የኡጋንዳ ስደተኞች ይዞታ መርምረው፣ ረጂዎች ስደተኛውን ሳያማክሩ እንደሚወስኑለት ተቹ። እንግዲህ ዘርፉ ከጅምሩ «ስደተኛው ይደመጥ» የሚል አቤቱታ ነበረበት።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ615 ሶሐቦች ከመካ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቁረይሾች «መልሱልን» የሚሉ መልእክተኞችን ስጦታ አስይዘው ላኩ። ነጃሺ ግን ስደተኞቹን ሳይሰሙ አሳልፈው አልሰጡም። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ተናገሩ፤ ንጉሡም ሰምተው መልእክተኞቹን ከነስጦታቸው መለሱ። ይህን ታሪክ ያቆዩልን ደግሞ ራሳቸው ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት ኡሙ ሰለማ ናቸው። ነጃሺ የጠየቁት ለማወቅ ያህል ሳይሆን ፍርድ ለመስጠት ነበር።

እኛ ጎንደሮች ስደትን በሁለቱም ወገን እናውቀዋለን። በደርግ ዘመን ብዙ ወገናችን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰዷል። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ሱዳናውያን በዚያው በር ወደ እኛ መጡ። በደጋው በዳባት ወረዳም፣ የትግራዩ ጦርነት ከነበሩበት ጣቢያ ያፈናቀላቸው ኤርትራውያን በአለምዋጭ ጣቢያ ተጠልለዋል።

ወደዚያ መጠይቅ ይዞ የሚሄድ ተማሪ «እኔ ንጉሥ አይደለሁም፤ ምን ላደርግላቸው እችላለሁ?» ሊል ይችላል። እውነት ነው። እርዳታ አመጣለሁ ብሎ ተስፋ ቢሰጥማ መልሱንም ያበላሸዋል። እኔ ስንዴ ያምጣ አልልም። ነገር ግን የተነገረው ቃል አማና ነው። የተናጋሪውን ስም ይጠብቅ። የጻፈውን ተመልሶ በሚገባቸው ቋንቋ ያንብብላቸው፤ «እንዲህ አላልንም» ካሉት ያርም። ከዚያም መወሰን ለሚችለው ባለሥልጣን ያድርስ። ይህን ለማድረግ ያልተዘጋጀ ሰው ቢቻለው ከድንኳኑ ደጃፍ ይመለስ።