ቁልፉን ለማን እንስጥ?

ውድ አንባቢ ሆይ! አዲስ ቅዳም ላይ ሱቅ አለዎት እንበል። በድንገት ርቀው መሄድ ግድ ሆነብዎ። ከፊትዎ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ሥራውን ያውቃል፤ ግን ትናንት ሱቅዎን ለዘረፈው ሰው ያገለግል ነበር። ሁለተኛው ስለ እርስዎ ደሙን ያፈሰሰ ወንድምዎ ነው፤ ግን ሚዛን ይዞ አያውቅም። ሦስተኛው ሥራ አዋቂ እንግዳ ነው፤ ትእዛዝ የሚቀበለው ግን ከሌላ ጌታ ነው። ቁልፉን ለማን ይሰጣሉ?

አገራችንን በ1933 ዓ.ም. የገጠማት ጥያቄ ይህን ይመስል ነበር። ጣሊያን ዳንግላን ለቆ ወጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጎጃም አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። መሣሪያ በየሰው እጅ ነበር። ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ተፈጅተዋል። ታዲያ የፖሊስ አለቃ ማን ይሁን?

ለጣሊያን ያገለገለውን መሾም ሥራ ያቃልላል። ግን በሌሊት በር ሲያንኳኳ ባለቤቱ ምን ይሰማዋል? ያንኑ በር በጠላት ዘመንም አንኳኩቶታል። አርበኛውን መሾም ፍትሕ ነው፤ ይሁንና ጀግንነት ብቻውን ምርመራና ሕግ አያስተምርም። እርሱን ገሸሽ ማድረግ ደግሞ ቂም ይወልዳል። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው በ1937 ዓ.ም. መሰቀላቸው እስከ ዛሬ ያሳዝናል።

የተመረጠው ሦስተኛው መንገድ ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 በተፈረመው ስምምነት እንግሊዝ የፖሊስ ኮሚሽነር፣ የፖሊስ መኮንኖች፣ ዳኞችና አማካሪዎች እንድትሰጥ ተወሰነ። ለመጀመሪያው ዓመትም 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለመርዳት ቃል ገባች። በአንጻሩ ንጉሠ ነገሥቱ ሌላ የውጭ አማካሪ ለመጨመር ከእርሷ ጋር መመካከር ነበረባቸው፤ ኦጋዴንም በጦሯ አስተዳደር ሥር ቆየ። ሁለቱ መንግሥታት የተጋጩ ዕለት ያ ኮሚሽነር የማንን ቃል ይሰማል?

በቅዱስ ቁርኣን እንደምናነበው፣ ሙሳ (ዐ.ሰ.) መድየን በደረሱ ጊዜ ልጅቷ አባቷን እንዲቀጥራቸው ስትመክር ያነሳችው ሁለት ነገር ነው፤ ብርታትና ታማኝነት። ብርቱው ካልታመነ ያስፈራል፤ ታማኙ ካልበረታ ንብረት ያስበላል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ የቀጠሩት መንገድ መሪ ዐብደላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። መንገዱን ያውቅ ነበር፤ በቃሉም ታምኗል። መድረሻውን የወሰኑት ግን ነቢዩ ናቸው፤ ሥራውም ሲደርሱ አበቃ። ስለዚህ እንግዳን መቅጠር በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ማብቂያ የሌለውና ተጠያቂ የማያደርግ ሹመት ነው።

የ1934ቱ ስምምነት መውጫ በር ነበረው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሦስት ወር ማስታወቂያ ሊፈርስ ይችል ነበር። አገራችን በዚያ በር ወጣች። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 አዲስ ስምምነት ተተካ፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች በላይ የነበረው ቅድሚያም ቀረ። ያ በር ባይኖር ኖሮ ግን ችግር የወለደው ሹመት ቀንበር ሆኖ ይቀር ነበር።

ውድ አንባቢ! እኛም በመስጊዳችን፣ በዕድራችንና በቤታችን ቁልፍ እንሰጣለን። ከመስጠታችን በፊት እንጠይቅ፦ ይችላል ወይ? የሚታዘዘው ለማን ነው? ቢያጠፋስ ቁልፉን መመለስ እንችላለን ወይ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለን፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ቢያምሩም እንቆይ።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።