ፓሲፍሎራ፦ ምልክቱ በአበባው ነው ወይስ በተመልካቹ?

ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «ስፔሲየስ ፕላንታሩም» በተባለው መጽሐፉ የተጠቀመበት ፓሲፍሎራ የሚለው ስም፣ ሕማም ማለት ከሆነው ፓሲዮ እና አበባ ማለት ከሆነው ፍሎስ የተዋቀረ ሲሆን፣ ሕማም የተባለውም የክርስቶስ መከራ ነው፤ ስለዚህ ፓሽን ፍሩት የሚባለውን ፍሬ ስም ከፍትወት ጋር የሚያያይዙት ተሳስተዋል። ስሙ መነሻ ያደረገው በስፔን ሥር በነበሩ የአሜሪካ አገሮች ይሰብኩ የነበሩ መነኮሳት ያስፋፉትን ትርጓሜ ነው። እነርሱም በክብ የተደረደሩትን ክሮች አክሊለ ሦክ፣ ብናኝ የሚሸከሙትን አምስት ወንዴ ራሶች አምስቱ ቁስሎች፣ በመካከል የቆሙትን ሦስት የሴቴ ዘንጎች ደግሞ ችንካሮች አሏቸው። ዐሥሩ የአበባ ቅጠሎች ሐዋርያት ይሆኑ ዘንድ የካደው ጴጥሮስና አሳልፎ የሰጠው ይሁዳ ከቁጥር ወጡ፤ በዚያች ሌሊት ሌሎቹም መሸሻቸው ሲታሰብ፣ ቅነሳው ከሥነ መለኮት ይልቅ ለሒሳብ የቀረበ ይመስላል።

የችንካሮቹ ቁጥር ነገሩን ይበልጥ ያጠነክረዋል። ሦስት ችንካር ከ13ኛው መቶ ዘመን ወዲህ በምዕራቡ ሥዕል የተለመደ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ትውፊት ግን ቅንዋቱ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራና ሮዳስ የሚባሉ አምስት ናቸው፤ ስለዚህ አበባውን አስቀድሞ ያየው የደብር መምህር ቢሆን ኖሮ፣ ችንካሮቹን በሦስቱ ዘንጎች ሳይሆን በአምስቱ ራሶች ላይ ባገኛቸው ነበር።

አውግስጢኖስ ጭስ እሳትን እንደሚያመለክት ያለ፣ ማንም ሳያስበው የሚያስታውቅ ምልክት ተፈጥሯዊ ሲሆን፣ ሕያዋን አሳባቸውን ለመግለጽ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ደግሞ የተሰጠ ምልክት ነው ብሎ ለይቷል። አበባው ከሁለተኛው ወገን ነው የሚል ሰው ሰጪው ፈጣሪ መሆኑን አስቀድሞ ማመን አለበት፤ ካመነም በኋላ እንኳ አበባው ያስተማረው አዲስ ነገር የለም፣ የሚያውቀውን ሕማም ያሳስበዋል እንጂ፤ ለአምልኮ ግን ማሳሰቢያ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሰው ንባብ ውጭ የሆነ ምልክትም በዚሁ ተክል ላይ ይገኛል። ሄሊኮኒየስ የተባሉ ቢራቢሮዎች በሐረጉ ላይ እንቁላል ሲጥሉ፣ ሌላ እንቁላል ያለበትን ቅጠል ብዙ ጊዜ ይሸሻሉ፤ አንዳንድ የፓሲፍሎራ ዝርያዎችም ቢጫ እንቁላል የሚመስሉ ነጠብጣቦች አሏቸው። ይህ ምልክት የሚያሳስተው እንጂ የሚያስተምረው ስለሌለ፣ ከአውግስጢኖስ ሁለት ክፍሎች በየትኛው እንደሚመደብ መወሰን ያስቸግራል።

ሊኒየስ ራሱ አንዱን ዝርያ ኢንካርናታ ብሎታል። ሰባኪ ጆሮ በዚህ ቃል ውስጥ ምሥጢረ ሥጋዌን ለመስማት ይቸኩላል፤ በዕፅዋት ሊቃውንት ላቲን ግን ቃሉ የሥጋን ቀለም የሚያመለክት ብቻ ነው።