የዘፈን ትርጉምና የደራሲ ክብር

የአንድ ዘፈን ትርጉም ከደራሲው ሐሳብ ይመነጫል ወይስ ዘፈኑን ተቀብሎ ከሚያዜመው ማኅበረሰብ የሚለው ጥያቄ በሥነ ውበት፣ ማለትም የውበትንና የኪነ ጥበብን ምንነት በሚመረምረው የፍልስፍና ዘርፍ፣ ብዙ ያከራከረ ነው። ጥያቄው በሊቃውንት ድርሳን ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብ መዝናኛ በተሠራ ሥራም ጎልቶ ሊወጣ እንደሚችል፣ የሃና-ባርቤራ ስቱዲዮ አዘጋጅቶት በአሜሪካው የኤቢሲ ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው «ዘ ጄትሰንስ» የተሰኘው ተከታታይ የካርቱን ፊልም ሁለተኛ ክፍል ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1962 በተላለፈው በዚህ ክፍል፣ በመጪው ዘመን የምትኖረው ወጣት ጁዲ ለዘፈን ድርሰት ውድድር የራሷን ግጥም ትጽፋለች፤ ሽልማቱም ከዝነኛው ድምፃዊ ከጄት ስክሪመር ጋር ለመዝናናት መውጣት ነው። አባቷ ጆርጅ ይህ እንዳይሆን ስለፈለገ የልጁን ድርሰት ሰውሮ፣ ታናሽ ወንድሟ ኤልሮይ ለምስጢር መልእክት የፈጠራቸው እንግዳ ድምፆች የሰፈሩበትን ወረቀት በምትኩ ያስቀምጣል። ትርጉም የለሽ ነው ብሎ የላከው ጽሑፍ ግን ውድድሩን ያሸንፋል፤ ድምፃዊውም እነዚያን ድምፆች የፍቅር መግለጫ አድርጎ ያዜማቸዋል።

ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የደራሲን ውስጣዊ ሐሳብ የሥነ ጽሑፍ ሥራ መመዘኛ ማድረግ ስሕተት መሆኑን ተከራክረው ነበር። የኤልሮይ ድምፆች ዕጣ ይህን አቋም የሚደግፍ ይመስላል፤ በድምፆቹ ፈጣሪም ሆነ በላኪው ልብ ያልነበረው ፍቅር በዜማውና በአድማጮቹ መካከል በእውነት ተገኝቷልና። ፈላስፋው ቪትገንሽታይንም ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው መጽሐፉ የቃል ትርጉም በአብዛኛው በአጠቃቀሙ እንደሚታወቅ አስረድቷል። የምስጢር ምልክትም ቢሆን የሚሠራው በላኪና በተቀባይ ስምምነት ስለሆነ፣ ዘፈኑ ያደረገው ነገር በአሮጌው ስምምነት ፈንታ ሰፋ ያለ አዲስ ስምምነት መትከል ነው።

ድምፅ ያለ ቃል ትርጉም ሊሸከም መቻሉ በሃይማኖት ትምህርትም ጥንታዊ ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ መዝሙር 32ን ሲተረጉም፣ አጫጆች በመከር ወቅት በቃላት መዝፈን ጀምረው ደስታቸው ልክ ሲያልፍ ቃላቱን ትተው ወደ እልልታ እንደሚሻገሩ ጠቅሶ፣ በቃል ሊነገር ለማይቻለው አምላክ እንዲህ ያለው ዝማሬ እንደሚገባ አስተምሯል። በአውግስጢኖስ ዘንድ ቃሉ የሚቀረው ልብ ስለሞላ ነው፤ በኤልሮይ ወረቀት ላይ ግን ድምፁ ቀድሞ ተገኝቶ ስሜቱ በኋላ ተከተለው። ጆርጅም ራሱ በመጨረሻ የናቀውን ሙዚቃ የተረዳው ሲተረጎምለት ሳይሆን በመድረክ ላይ ከበሮ እየመታ የዜማው ተካፋይ ሲሆን ነው።

ይሁን እንጂ ትርጉም በኋላ ሊመጣ መቻሉ የጆርጅን ድርጊት ከበደል ነጻ አያደርገውም። ትርጉም ሰሚዎች ሊያበረክቱት የሚችሉት ስጦታ ሲሆን ደራሲነት ግን የተፈጸመ ታሪክ ነው፤ አንድን ግጥም ማን እንደጻፈው በአድማጭ ጭብጨባም ሆነ በዳኞች ውሳኔ ሊለወጥ አይችልም። ጁዲ ሽልማቱን ብታገኝም ደክማ የጻፈችው ግጥም ሳይሰማ ቀርቷል፤ ኤልሮይም የፈጠራቸው ድምፆች በሌላ ሰው ስም ተወስደውበታል። ውጤቱ ማማሩ ይህን ሁለት እጥፍ በደል አይፍቀውም፤ ምክንያቱም የድርጊት ጽድቅ የሚለካው በአጋጣሚ ባስገኘው ፍሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ለባልንጀራው ያለበት የእውነትና የታማኝነት ግዴታ በዕድል ላይ የተንጠለጠለ ይሆን ነበርና። ስለዚህ ዘፈንን እንደ ልቡ የመረዳት ነጻነት የአድማጭ ሁሉ መብት ቢሆንም፣ ስምና ዝና የሌለው ጀማሪ ደራሲ ሥራው በራሱ ስም ቀርቦ እንዲሰማ ያለው መብት ከዚህ ነጻነት በፊት ሊከበር ይገባል።