የጫፉ ምሰሶ ዕዳ

የሽቦ አጥር ሲላላ ሁላችንም የምናየው መሃሉን ነው። ሽቦው ረግቧል፣ ጥጃ ሾልኮበታል፣ አንዱ ቋሚ ጎበጥ ብሏል። ሰው ፒንሳ ይዞ ይሄድና መሃሉን ጠምዝዞ ያጠብቀዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይላላል። አጥር ማጠር የሚያውቅ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ጫፉ ይሄዳል። እዚያ የመጨረሻው ምሰሶ ወደ አጥሩ ዘመም ብሎ፣ ከጀርባው አፈሩ ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ሽቦው አልረዘመም። ሽቦውን የያዘው ምሰሶ ነው የተጠጋው።

እኔ ኮድ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለዚህ ምሰሶ ማሰብ የጀመርኩት ሱሉልታ አካባቢ ላሞች ያሉት አጎቴ የግጦሽ መሬቱን በሽቦ ሊያጥር ሲነሳ ሂሳቡን እንድሠራለት ጠይቆኝ ነው። (ምህንድስና የተማረ ዘመድ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?) ሂሳቡ አላስቸገረኝም። አብሮት የመጣው ጥያቄ ግን እስካሁን አለቀቀኝም፦ የብዙ ሰው ሸክም የያዘን ሰው «አንተ እኮ ጠንካራ ነህ» ስንለው እያመሰገንነው ነው ወይስ እያመለጥነው?

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። በአንድ የሽቦ አጥር ላይ የተደረደሩት ቋሚዎች ከሩቅ ሲታዩ እኩል ይመስላሉ፣ ሥራቸው ግን እኩል አይደለም። የመሃሉን ቋሚ ሽቦው ከግራም ከቀኝም እኩል ይጎትተዋል፣ ስለዚህ ጉተታው ይጣፋል። የሱ ሥራ ሽቦውን ከመሬት ከፍ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው፤ ቀጠን ያለ የባህር ዛፍ እንጨትም ይበቃዋል። የጫፉ ምሰሶ ግን በሌላ በኩል የሚጎትትለት የለም። የከብት አጥር ላይ አንድ ጠንካራ ሽቦ በደንብ ሲወጠር ወደ 110 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስባል። 5 ሽቦ ካለ 550 ኪሎ መሆኑ ነው። ያ ምሰሶ ቀንም ሌሊትም ከአንድ የእርሻ በሬ ክብደት በላይ ወደ ጎን ሲጎትተው ይኖራል ማለት ነው።

ሌሊቱ ደግሞ ይብሳል። ብረት ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ ጫፍና ጫፉ ታስሮ ማጠር ካልቻለ ውጥረቱ ይጨምራል። 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 12 ኪሎ ገደማ ተጨማሪ ጉተታ ያመጣል፣ ለ5 ሽቦ 60 ኪሎ። በደጋ አገር ቀንና ሌሊት ከ10 ዲግሪ በላይ መለያየቱ ብርቅ አይደለም። ማንም ምንም ሳይጨምርበት፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ፣ የጫፉ ምሰሶ ላይ ሸክም ይጨመራል። ይሄ ነገር አንዳንድ ሰው አላስታወሳችሁም?

አሁን አንድ ጥያቄ፦ የሽቦ አጥር ለምን ረከሰ? ጆሴፍ ግሊደን የሚባል በአሜሪካ የኢሊኖይ ገበሬ ለእሾሃማ ሽቦው የፈጠራ መብት ያገኘው በ1874 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። እንጨትም ድንጋይም በብዛት በማይገኝበት ሜዳ ላይ ሰፊ መሬት በትንሽ ዕቃ ማጠር ተቻለ። በሌላኛው ጎን ኮንሶን አስቡ፤ በ2011 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የእርከንና የድንጋይ ካብ አገር። በካብ ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋይ ከላዩ ያለውን ይሸከማል፣ ከታቹ ባለው ላይ ይቀመጣል። ካቡ ጫፍ አለው፣ ግን ጫፉ የሌላውን ሁሉ ጉተታ አይሸከምም። አንድ ቦታ ቢናድ እዚያው ይጠገናል። ዋጋው ጉልበት ነው፤ ብዙ ሰው፣ ብዙ ቀን፣ ብዙ ድንጋይ።

ሽቦ ያን ሁሉ ጉልበት አስቀርቷል። ያስቀረው ግን ሸክሙን አጥፍቶ አይደለም፤ ወደ ሁለቱ ጫፎች ገፍቶ ነው። መሃሉ ቀለል ያለው ጫፉ ስለከበደ ነው። የምናገረው ስለ ሽቦ ብቻ እንዳልሆነ መቼም ገብቷችኋል።

በሙያዬ ይህንን በየቀኑ አየዋለሁ። በብዙ የሶፍትዌር ቡድን ውስጥ ያረጀውን ሲስተም የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ሌሎቻችን ቶሎ ቶሎ አዲስ ነገር የምንሠራው፣ ቀናችንም ቀለል የሚለው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ሲወድቅ የሚደወለው ለሱ ስለሆነ ነው። በቤተሰብም እንዲሁ ነው። ታናናሾቹ የፈለጉትን ትምህርት የመረጡት፣ አንዱም «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ሥራ የለቀቀው፣ ታላቅየዋ የቤት ኪራዩንና የእናትን መድኃኒት ስለያዘች ነው። ይህን ስል ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አጥር ጫፍ ያስፈልገዋል። ግን የመሃሉ ቅለት ከየት እንደመጣ ማወቅ ግዴታ ይመስለኛል። ዕዳ የሚጀምረው እዚያ ነው፦ በሌላው ሸክም ምክንያት የቀለለኝ ሰው፣ ባልጠየቅም፣ ባላውቅም፣ ያ ሰው እንዴት እንደቆመ የመመልከት ዕዳ አለብኝ።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? እናወድሳለን። «አንቺ እኮ የቤቱ ምሰሶ ነሽ» እንላለን። ይህ አባባል ራሱ ትንሽ ሊታሰብበት ይገባል። የጎጆ ቤት ምሰሶ መሃል ላይ ነው የሚቆመው። የጣሪያው እንጨቶች ከዙሪያው ሁሉ እኩል ተደግፈውት፣ ክብደቱ በሱ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል። ሸክሙ ከባድ ነው፣ ግን ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ምሰሶ ብለን የምናወድሳቸው ብዙ ሰዎች ግን የጎጆ ምሰሶ አይደሉም፤ የአጥር ጫፍ ናቸው። ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚሳቡት። ከሌላው ወገን ያለው ባዶ ሜዳ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ወፍራም ምሰሶ ማቆም ነው? ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። አጎቴም መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ሳንቲሜትር ውፍረት ይሁን?» ብሎ ነው። ግን በምስጥ ካልተበላ በስተቀር የጫፍ ምሰሶ ተሰብሮ የሚወድቀው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምሰሶው ደህና ነው፤ የሚሸነፈው አፈሩ ነው። ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው ምሰሶው ቀስ እያለ ይዘምማል፣ ይነቀላል። ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጉት በዚያው ለስላሳ አፈር ውስጥ የሚዘምም ወፍራም ምሰሶ ታገኛላችሁ።

የሚሠራው ዘዴ ይኸውና። ከጫፉ ምሰሶ 2.4 ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ በአጥሩ መስመር ላይ፣ ሁለተኛ ምሰሶ ይቆማል። ሁለቱን ከላይ በኩል አግዳሚ እንጨት ያገናኛቸዋል። ከዚያ ከሁለተኛው ምሰሶ አናት ተነስቶ ወደ ጫፉ ምሰሶ እግር የሚወርድ ሰያፍ ሽቦ ይታሰርና ይጠመዘዛል። አጥሩ የጫፉን ምሰሶ ሲስበው፣ ምሰሶው አግዳሚውን ይገፋል፤ አግዳሚው ሁለተኛውን ምሰሶ ይገፋል፤ ሁለተኛው ሊዘምም ሲል ሰያፉ ሽቦ ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ሽቦው የታሰረው ደግሞ የመጀመሪያው ምሰሶ እግር ላይ ነው። ደጋፊው የሚቆመው በተደጋፊው እግር ነው። አንዱ ከሌላው ውጪ አይቆምም።

ሂሳቡም ደስ ይላል። 550 ኪሎው በአማካይ 70 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ቢስብ፣ ሁለቱ ምሰሶዎች 2.4 ሜትር ሲራራቁ የጫፉን ምሰሶ ከመሬት ለመንቀል የሚታገለው ኃይል 160 ኪሎ ገደማ ነው። ርቀቱን ወደ 1.2 ሜትር ብናሳጥረው 320 ኪሎ ይሆናል። እንጨቱ ያው፣ ሽቦው ያው፣ አፈሩ ያው። የተቀየረው አቀማመጡ ብቻ ነው። «ጠንካራ» የምንለው ነገር ግማሹ በምሰሶው ውስጥ የለም ማለት ነው፤ በምሰሶዎቹ መካከል ነው ያለው።

ሙገሳው ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። «ጠንካራ ነህ» ውሸት አይደለም። ግን የዝግጅት ጉዳይ የሆነውን የባሕርይ ጉዳይ ያደርገዋል። ሰውዬው ከቆመ ጠንካራ ስለሆነ ነው፣ ከዘመመ ደግሞ ስለደከመ ነው ማለት ነው። በሁለቱም በኩል እኛ የለንበትም።

ድጋፍ ሁሉ ግን ድጋፍ አይደለም። አጥር ይህንንም ያስተምራል። ሽቦ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ያንኑ ሰያፍ ሽቦ ገልብጦ ከጫፉ ምሰሶ አናት ወደ ሁለተኛው እግር ያሰረ ሰው፣ የጫፉን ምሰሶ ቀድሞውኑ ወደሚዘምምበት አቅጣጫ አብሮ እየሳበው ነው። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፣ ሰያፍ ሽቦ ናቸው። ለደከመችው ታላቅ እህት «እስኪ አንቺው ምከሪው፣ አንቺን ነው የሚሰማው» ብሎ የተጣላውን ወንድም መላክ እንደዚያ ነው። ክብር የሰጠናት ይመስለናል፣ የጨመርንላት ግን ጉተታ ነው።

ሌላም አለ። አንዳንዱ አጥሩ በሚስብበት በኩል ረጅም እንጨት አጋድሞ ምሰሶውን ይደግፋል። እግሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አርፎ፣ ጋደል ብሎ ከተቀመጠ ጥሩ ድጋፍ ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን ምሰሶውን እንደ ክሪክ ወደ ላይ እያነሳ ከአፈሩ ይነቅለዋል። ሰውን የሚያነሳ፣ ግን ከቆመበት መሬት የሚነቅል እርዳታ አለ፤ ሥራውን ከእጁ ነጥቆ፣ ውሳኔውን ወስዶለት፣ «አንተ አርፈህ ተቀመጥ» የሚል። ጥሩ ድጋፍ የጫፉን ምሰሶ ጫፍነቱን አይነጥቀውም። እዚያው ቦታው ላይ፣ በራሱ እግር እንዲቆም ያደርገዋል።

«ግን እኮ ራሱ ነው የመረጠው፣ አንድም ቀን አልከበደኝም አላለም» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ሰውን ያለፈቃዱ ምስኪን ማድረግም ንቀት ነው። ብዙ ሰው ሸክሙን ይወደዋል፣ ማንነቱ አድርጎታል። ይሁን። መምረጡ ግን የእኛን ዕዳ አይሰርዝም፤ ወድዶ ያበደረን ሰው ገንዘቡን አልሰጠንም። ዝም ማለቱም ማስረጃ አይሆንም። ምሰሶ ሲዘምም አይጮህም። በወር አንድ ጣት፣ በክረምት ሁለት ጣት እያለ ነው የሚሄደው፤ ቁጭ ብሎ አፈሩን ያየ ሰው ብቻ ያውቀዋል። «ደህና ነኝ» የሚለውን መልስ ሰምቶ ማለፍ ሽቦውን አይቶ ማለፍ ነው።

ሌላው ክርክር የበለጠ ይከብደኛል። ድጋፍ ሲገኝ ሰው ተጨማሪ ሽቦ ይወጥራል። ምሰሶው በደንብ ቆሟል ተብሎ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው ይጨመራል። በሥራ ቦታም አይተነዋል፦ ለዚያ አንድ ሰው ረዳት ይቀጠርለታል፣ በሁለተኛው ወር ሁለት አዲስ ፕሮጀክት ይሰጠዋል። ስለዚህ ዕዳው ድጋፍ በማቆም ብቻ አያልቅም። አንዳንዴ ትክክለኛው እርዳታ «ይህ አጥር 5 ሽቦ ይበቃዋል» ማለት ነው፤ ያንን ማለት ያለበትም የሚጎተተው ምሰሶ ሳይሆን ሽቦውን የሚወጥረው ሰው ነው። የቤቱን ወጪ ከታላቅየዋ ጋር ሳይሆን እርስ በርሳቸው ተቀምጠው የሚቀንሱ ታናናሾች ከሙገሳ የተሻለ ነገር አደረጉላት።

ጊዜም አለው ነገሩ። ድጋፉ የሚሠራው ሽቦው ከመወጠሩ በፊት ነው። ከዘመመ በኋላ ለማቃናት መጀመሪያ ሽቦውን ሁሉ ማላላት፣ አፈሩን እንደገና መቆፈርና መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ይቻላል፣ ግን የአጥሩን ሥራ ከሞላ ጎደል ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ሐዘን ቤት የሚሰማው «ምነው ቀድመን ብናውቅ» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የዕውቀት ማነስ አይመስለኝም። ጫፉን ሄዶ ያየ ሰው አልነበረም እንጂ።

ቋንቋችን ለተጫነው ሰው የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉት። አንዱ «በርታ» ነው። መልካም ቃል ነው፣ ከልብ ነው የምንለው። ግን ሰዋስዉን ብታዩት ትእዛዝ ነው፤ ሠሪው አንተ ነህ፣ ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ሌላው «አለሁልህ» ነው። እዚህ ሠሪው እኔ ነኝ። ያለሁት ለአንተ ነው፣ ደግሞም የሆነ ቦታ ላይ ነው ያለሁት፤ ስለዚህ የት እንደሆነ ልጠየቅ እችላለሁ። ኪራዩ ላይ? ሌሊት 9 ሰዓቱ ስልክ ላይ? እናትን ሐኪም ቤት በመውሰዱ ላይ? ቦታ የሌለው «አለሁልህ» ተመልሶ «በርታ» ነው።

«በርታ» ማለት እናቁም እያልኩ አይደለም። ቃሉን የምንለው ሰው 2.4 ሜትር አጠገቡ ጉድጓድ ቆፍረን የቆምን ስንሆን ነው የሚያምርብን።