ስልክ ሲገዛ የሚመዘነው ዘመኑ ነው

ስልክ ሊገዛ የወጣ ሰው ሱቅ ደጃፍ ቆሞ የሚያወጣ የሚያወርደው ነገር ላይ ላዩን ሲታይ የብር ጉዳይ ነው፤ ርካሹን ልውሰድ ወይስ ጨክኜ ውዱን? ጥያቄው ግን ከኪስ አልፎ ኅሊና ውስጥ ይገባል። በእኛ ዘንድ ርካሹን የመረጠ ቆጣቢ ይባላል፣ ውዱን የመረጠ ቅንጡ። ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ልክ ነው ወይ? በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ርካሽ ስልክ ጥሎ ሦስተኛውን የሚያማርጥ ሰው በምን ሂሳብ ቆጣቢ ይሆናል? አንድ ውድ ስልክ ገዝቶ ሰባት ዓመት የሚገለገልበትስ ስለምን በቅንጦት ይወቀሳል? ስልክን በዋጋው ከመመዘናችን በፊት በአግባቡ በሚያገለግልበት ዘመን ልንመዝነው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ያን ዘመን ማርዘም ደግሞ የብልጠት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ በእጃችን የገባውን ነገር እንዴት እንይዘዋለን የሚል የአደራ ጥያቄ ነው።

የቆዩት መምህራን ለዚህ ሚዛን ምስክር ናቸው። አርስቶትል በ«ፖለቲካ» መጽሐፉ ጫማን ምሳሌ አድርጎ አንድ ዕቃ ሁለት ጥቅም እንዳለው ጽፏል፤ አንደኛው መጫማት፣ ሁለተኛው በሌላ ነገር መለወጥ፤ ለጫማነቱ የሚገባው ግን መጫማቱ ነው። ባስልዮስ ዘቂሳርያ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጸጋ ሲሰብክ፣ ቤት ተቀምጦ የሚበሰብስ ጫማ ባዶ እግሩን ለሚሄደው ድሃ የተገባ እንደሆነ አስተምሯል። ዮሐንስ አፈወርቅም በአንጾኪያ ሳለ ጫማቸውን በሐር ክር አስጊጠው፣ ጭቃ እንዳይነካው እየተሳቀቁ የሚራመዱ ወጣቶችን ገሥጿል። ሦስቱም ስለ ጫማ መናገራቸው አያስገርምም፤ ጫማ ከሰው ጋር አብሮ የሚውል፣ አገልግሎቱና መታያነቱ የተቀላቀሉበት ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ያን ቦታ የያዘው ስልክ ነው። የሦስቱ ትምህርት ሲጠቃለል ዕቃ የሚከብረው ሲያገለግል፣ የሚነቀፈው ያለ አገልግሎት ሲቀመጥ ወይም ለመታያ ብቻ ሲያዝ ነው። ቁርኣንም በሱረቱል ኢስራእ ንፉግነትንና አባካኝነትን ባንድነት ይነቅፋል። እንግዲህ ከእነዚህ ምስክሮች ርካሽነት በራሱ ጽድቅ፣ ውድነትም በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ፍርድ አናገኝም።

ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ የሉቃስ ወንጌልም ግንብ ሊሠራ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ይመክራል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ጋላክሲ ኤስ24ን ሲያወጣ የአሜሪካ መነሻ ዋጋው 800 ዶላር ገደማ ነበር፤ ኩባንያው ለ7 ዓመት ሶፍትዌሩን እንደሚያድስ ቃል ገብቷል። ባለቤቱ ሰባቱን ዓመት ሙሉ ቢገለገልበት በዓመት 114 ዶላር ያህል ይወጣበታል። ያው ኩባንያ በዚያው ዓመት ያወጣው ባለ 5ጂ ጋላክሲ ኤ16 ደግሞ በ200 ዶላር ገደማ ተሽጦ የ6 ዓመት የሶፍትዌር ዝማኔ ቃል ተገብቶለታል፤ በዓመት 33 ዶላር መሆኑ ነው። አሁን 100 ዶላር የሚያወጣ፣ የዝማኔ ተስፋ የሌለው ስልክ እናስብ፤ በሁለት ዓመቱ ቢበላሽ ወይም ቢዘጋ በዓመት 50 ዶላር ይበላል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ሁለቱም ለለመድነው አባባል አይመቹም። «ውድ ዕቃ መጨረሻው ርካሽ ነው» የሚለው በጥሬ ገንዘብ ሲሰላ ብዙ ጊዜ አይቆምም፤ ባለ 800 ዶላሩ ዘመኑን ሁሉ ቢኖር እንኳ ከሦስቱ የሚበልጥ ወጪ አለው። «ርካሹ ያዋጣል» የሚለውም አይቆምም፤ በመግዣ ዋጋው ትንሹ በዓመት ሲሰላ ከመካከለኛው ይበልጣል። ያሸነፈው ከአቅም ጋር የተመጣጠነ ዋጋና የረዘመ ዘመን የተገናኙበት ስልክ ነው።

አገራችን ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስልክ፣ እዚህ ቢገጣጠምም፣ አካላቱ በዶላር የሚገቡ ዕቃ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የገዛው ስልክ ጸንቶ የቆየለት ሰው ጭማሪው አልነካውም፤ ስልኩ የሞተበት ግን በአዲሱ ተመን ሊተካ ተገደደ። የብር አቅም በሚወርድበት አገር ዕቃው ብዙ ዓመት የሚቆይለት ሰው ከዋጋ ንረት የተጠበቀ ሰው ነው፤ ይህ ነጥብ በስልክ ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም፣ ለእኛ ግን ከካሜራው ጥራት ይበልጥ የሚጠቅም ነው።

ስልክ የሚሞተው ግን በምንድን ነው? ብዙ ሰው በመውደቅና በውኃ ይመስለዋል፤ ከዚያ ይልቅ ቀስ በቀስ የሚገድሉት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ባትሪ ነው፤ ሲደክም መቀየሩ ከባድ ነው። እስኪ የጥገና ባለሙያን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው፤ የስልኩን ጀርባ በሙቀት አለስልሶ ሙጫውን ያላላል፣ በቀጭን ፕላስቲክ ጠርዙን ዙሪያውን ይፈለቅቃል፣ ቡሎኖቹን ፈትቶ የተለጠፈውን ባትሪ እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀ ይነቅላል፤ አንዲት የተሳሳተች መጎተት ስክሪኑን ልትሰነጥቅ ትችላለች። ይህ ሁሉ ድካም የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የአምስተርዳሙ ስልክ አምራች ፌርፎን በሚሠራቸው ስልኮች ላይ ባለቤቱ ሽፋኑን ከፍቶ ባትሪውን ራሱ ይቀይራል። ሁለተኛው ገዳይ ሶፍትዌር ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ላወጣው አይፎን 5ኤስ በጥር 2023 የደኅንነት ማስተካከያ ልኳል፤ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ማለት ነው። ያም ሆኖ ዋትስአፕ በ2025 በአሮጌ የአይፎን ሥርዓቶች ላይ መሥራት ሲያቆም፣ ያ ስልክ አካሉ ደህና ሳለ ከመልእክት ልውውጡ ተገለለ። ስለዚህ የስልክ ዘመን በአብዛኛው የአምራቾች ውሳኔ ነው። ባለ 200 ዶላሩ ኤ16 ስድስት ዓመት ከተገባለት፣ የሌሎች ርካሽ ስልኮች በሁለት ዓመት መተው የርካሽነት ግዴታ አይደለም፤ የአምራቹ ምርጫ ነው፤ ስለዚህ ሊወቀስ የሚገባ ምርጫ ነው።

ይህን የኅሊና ጉዳይ የሚያደርገው ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ብቻ አለመሆናችን ነው። ባትሪ ውስጥ ከሚገባው ኮባልት ከግማሽ በላዩ የሚቆፈረው በዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው፤ በኮልዌዚ አካባቢ በእጃቸው የሚቆፍሩ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ጉድጓድ እንደሚወርዱ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። የአፕል የአካባቢ ሪፖርቶች እንደሚያሳዩት አይፎን በዘመኑ ሁሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ብክለት አብዛኛው የሚለቀቀው ገና ሲመረት፣ ገዢው እጁ ሳይገባ ነው። በሌላው ጫፍ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2022 የጣለችው የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በወጉ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ ለመዋሉ ማስረጃ ያለው ሩቡን እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አንድ ስልክ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ቢያገለግል ከኪሳችን ባሻገር ከአንድ ጉድጓድና ከአንድ የቆሻሻ ክምር ላይ ሸክም እናቀላለን። ይህ ክስ ርካሽ ገዢውን ብቻ አይነካም፤ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል እየለወጠ ደህናውን መሳቢያ ውስጥ የሚጥለው ባለ ውድ ስልክ የባስልዮስ ተግሣጽ በቀጥታ ይመለከተዋል። እርሱ ውድ ዕቃ ስለገዛ ቆጣቢውን ሊሰብክ አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የድሃው ነው። «አንድ ጊዜ የሚወጣውን ብዙ ብር ማን ያመጣዋል? ዘመን አስልቶ መግዛት የደላው ሰው ጨዋታ ነው» ይላል። እውነት አለው፤ የቀን ሠራተኛ በእጁ ያለው ብር የሚገዛለትን ይገዛል፣ በዚህም ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ከዚህ ግን ርካሹ ለእርሱ ይሻለዋል የሚል መደምደሚያ አይወጣም፤ የሚወጣው ድህነት ራሱ በዓመት ሲሰላ የበለጠ የሚያስከፍል መሆኑ ነው፤ የፍትሕ ጥያቄም ይኸው ነው። መልሱን ሸማቹ ብቻውን አያመጣውም። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው የሚወጣ ማንኛውም ስማርት ስልክ፣ ርካሹም ውዱም፣ ሽያጩ ከቆመ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት ዝማኔ እንዲያገኝ፣ መለዋወጫው ለ7 ዓመት እንዲገኝ፣ ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ በሕግ አስገድዷል። ቴክኖ ስልክ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሚገጣጠምባት አገራችን፣ ብዙ ሰው በቴሌብር ገንዘብ በሚቀባበልበት ዘመን፣ ተመሳሳይ ግዴታ ለድሃው ገዢ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ደግሞም ስልኩ ለመደወልና ለቴሌብር ብቻ የሚያስፈልገው ሰው በ*127# በባለ ቁልፍ ስልክ ይገለገላል፤ ባትሪው ቀናትን የሚቆይ ያ ስልክ ለእርሱ ከማናቸውም ስማርት ስልክ ይበልጣል። የዘመን ሚዛን አስቀድሞ ለምን ጉዳይ እንደምንገዛ ማወቅን ይጠይቃል።

«ይሰረቃል፣ ይወድቃል፤ ውድ ነገር መያዝ ራስን ለጉዳት ማጋለጥ ነው» የሚሉም አሉ፤ ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ ለሚውል ሰው ይህ ጥሩ ምክንያት ነው፣ መካከለኛውን መምረጡም ተገቢ ነው። ጠለቅ የሚለው ግን መንፈሳዊው ተቃውሞ ነው፤ ዕቃን ለረጅም ዘመን መንከባከብ ልብን ከዕቃ ጋር ያስራል፣ ለዓለማዊ ነገር ይህን ያህል ማሰብ ምን ይረባል የሚል። እኔ ግን በተቃራኒው አያለሁ። ልቡ የታሰረው አዲሱ ሞዴል በወጣ ቁጥር እጁ ያለው የሚያስጠላው ሰው ነው። ስክሪኑ ጠርዙ ላይ የተጫረ፣ ባትሪው አንዴ የተቀየረ፣ ሽፋኑ የደበዘዘ ስልክ ይዞ ሳያፍር ሥራውን የሚሠራ ሰው ዕቃውን ተገለገለበት እንጂ አላመለከውም። መነኩሴ ቆቡን ጠግኖ ዓመታት ሲያደርገው ለቆቡ ተገዛ አንልም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ስልክ ልትገዛ ስትሄድ ሻጩን ከካሜራውና ከሜሞሪው በፊት ዝማኔው እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ባትሪውና ስክሪኑ መለዋወጫ እንዳላቸው ጠይቀው። መልሱን ካላወቀ ሌላ ሱቅ ግባ። ከዐረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ለወገንህ ስልክ የምትልክም ከሆነ፣ የሚቀበልህ ሰው ስንት ዓመት እንደሚገለገልበት አስበህ ምረጥ። አቅምህ የፈቀደውን፣ ረጅም ዘመን የተገባለትን ስልክ ግዛና ባትሪው ሲደክም አትጣለው፤ አስጠግነው።