ለቅሶ ደራሽ የሌለው ሐዘን



በሀድያም ሆነ በከምባታ አንድ ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ሥራውን ትቶ ይመጣል፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛው ለብቻው አይተውም። ነገር ግን ለቅሶ ደራሽ የሌለው ሐዘንም አለ። ይኸውም አንድ ልጅ በሥጋ ለማይዛመደው፥ ድምፁን እንጂ ፊቱን ቀርቦ ላላየው ዘፋኝ የሚያዝነው ሐዘን ነው።

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የጌታችን የትንሣኤ በዓል ነበር፤ ከተማችን ሆሳዕና ስሟን ያገኘችበት በዓል በዋለ በሳምንቱ መሆኑ ነው። በዚያ ዕለት ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ በ68 ዓመቱ ዐረፈ። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ በወሊሶ ያደገው ይህ ሰው፥ ከሀገር ፍቅር ቴአትርና ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በአማርኛና በኦሮምኛ አዚሟል። ሚያዝያ 15 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኘው።

በዚያን ጊዜ ከሆሳዕና ወጣ ባለ መንደር አንድ የ15 ዓመት ተማሪ ነበረ። አባቱ ከእንሰት ማሳው ሲመለስ ማታ ማታ ሬዲዮ ይከፍት ነበርና፥ ልጁ የጥላሁንን ዜማ የተማረው በአባቱ ጉልበት ሥር ነው። መርዶውን በሰማ ጊዜ የበዓሉን ምግብ አልቀመሰም። ከዘመዶቹ አንዱ «ለዓለማዊ ዘፋኝ ማልቀስ ኃጢአት ነው» ብሎ ገሠጸው፤ ሌላው ሳቀበት። አባቱ ግን ምንም ሳይናገር አጠገቡ ተቀመጠ። ለዚያ ሐዘን የመጣ ብቸኛ ለቅሶ ደራሽ እርሱ ነበር።

ሁለቱም ዜናውን አብረው ሲያዳምጡ፥ ጥላሁን ለብዙ ዘመን በስኳር በሽታ እንደ ተሠቃየና በዚሁ ሕመም አንድ እግሩን እንዳጣ ተነገረ። ልጁም ቀና ብሎ የአባቱን እግር ተመለከተ። ለወራት በጨርቅ የተጠቀለለ፥ ያልዳነ ቁስል ነበረበት፤ አባትየው ሌሊት ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ደጋግሞ ይነሣ ነበር።

«አባባ፥ እግርህን አሳየኝ» አለው።

«እሾህ ወግቶኝ ነው፤ ይሽራል።»

«ለእርሱ አለቀስኩ። ለአንተ ግን አሁን አላለቅስም፤ ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

በሆስፒታል የተገኘው የስኳር በሽታ ነበረ። ሁለት ጣቶች ተቈረጡ፤ እግሩ ግን ተረፈ፤ አባትየውም መድኃኒቱን እየወሰደ ብዙ ዓመት ኖረ። ልጁ ዛሬ ነርስ ሆኖ በከምባታ ያገለግላል፤ የስኳር ሕመምተኞችንም እግራቸውን በየማታው እንዲያዩ፥ ትንሿንም ቁስል እንዳይንቁ ይመክራቸዋል።

ምእመናን ሆይ፥ ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አነባ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ የከለከለው ተስፋ የሌለውን ሐዘን እንጂ ሐዘንን አልነበረም። እንግዲህ እኛ የልጅን እንባ ለመከልከል ከየት ሥልጣን አገኘን? አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሚገባ ለልጆቻችን እናስተምር፤ ግዴታችን ነውና። ይሁን እንጂ ማድነቅና ማምለክ አንድ አይደሉም፤ ለሞተ ሰው ማዘንም ጣዖትን ማገልገል አይደለም። ያ አባት ልጁን ገሥጾት ወይም ስቆበት ቢሆን ኖሮ፥ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ ባዞረ፥ የአባቱንም እግር ባላየ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ እናንተ ለማታውቁት ሰው ሲያዝን ባያችሁ ጊዜ፥ ለጎረቤት እንደምታደርጉት «እግዚአብሔር ያጽናህ» በሉት፤ አጠገቡም ተቀመጡ። ስለ ሟቹ ነፍስ አብራችሁ ጸልዩ። እናንተም ወጣቶች፥ የምትወዱት ድምፅ ዝም ባለ ጊዜ፥ በቤታችሁ ሕመሙን ሸሽጎ ዝም ያለ ሰው እንዳለ ተመልከቱ።

በትንሣኤው ሞትን ድል የነሣው ጌታ ሐዘንተኞችን ሁሉ ያጽናና፤ አሜን።