የሙታን ቃል ባለቤት ማነው?

የሞተ ሰው የጻፈውን ቃል በሕይወት ያለው ሲተረጉመው፣ «እንዲህ አላልኩም» ብሎ የሚከራከርለት ማነው? ውድ አንባቢ፣ ጥያቄው ለጨዋታ የቀረበ እንዳይመስልህ። እስቲ አንዲት ቃል ይዘን እንመርምረው።

ቃሏ የልድያ ናት። ልድያ ዛሬ ምዕራብ ቱርክ በሚባለው ምድር የነበረ መንግሥት ነው። ዋና ከተማው ሰርዴስ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት ፋርሶች ያዙት። ቋንቋው ከኬጢያውያን ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። የሚናገረው ሕዝብ ግን የለም። ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ጽሑፎች ብቻ ተርፈዋል፤ አብዛኞቹም ቁርጥራጭ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1912 በሰርዴስ መቃብሮች መካከል ከላይ በልድይኛ፣ ከታች በአራማይክ የተጻፈበት ድንጋይ ተገኘ። በ1916 አጥንቶ ያሳተመው ኤኖ ሊትማን ነው። ሰውየው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1906 የጀርመንን የአክሱም ጉዞ መርቶ የነገሥታቱን ጽሑፎች ያጠና እሱ ነው።

ድንጋዩ የኩምሊ ልጅ የማኔስ መቃብር ነው። አራማይኩ እንደኛው «ቤት» በሚልበት ቦታ ልድይኛው «ቢራ» ይላል (የሚጠጣውን እንዳትል!)። ሁለቱን ጎን ለጎን በማስተያየት ብዙ ቃል ተፈታ። መልእክቱም እርግማን ነው፦ ይህን ሐውልት፣ ይህን የመቃብር ዋሻ፣ ይህን «ላቅሪሳ» ያበላሸውን ሰው የኤፌሶን አርጤምስና የቆሎዌ አርጤምስ ግቢውን፣ ቤቱን፣ አፈሩንና ውሃውን፣ ንብረቱን ያጥፉበት ይላል።

ታዲያ «ላቅሪሳ» ምንድን ነው? አንድም ግንብ ነው፤ አንድም ወደ መቃብሩ የሚያስገባ መተላለፊያ ነው፤ አንድም ጽሕፈቱ ራሱ ነው። ሊቃውንቱ ተከፋፍለዋል። አራማይኩም አላስታረቃቸውም፤ በአንጻሩ ያለው ቃል ራሱ አሻሚ ሆኖ፣ አንዳንዶች ከፋርሱ «ዛፍ» ከሚለው ቃል ጋር አዛምደውታል።

የሥነ ምግባር ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከሦስቱ «ጽሕፈት» የሚለው ልብ ይማርካል። ማኔስ ፊደሉን የሚያበላሸውን ከረገመ፣ ቃሉን ያለ ትርጉሙ የሚተረጉመውንም ረግሟል ለማለት ይመቻል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለድርሰት ግሩም ነው። ግን ስላማረን ብቻ ብንመርጠው፣ በሟቹ አፍ የራሳችንን ንግግር ማስገባታችን አይደለምን? ማኔስ ምናልባት ያሰበው ስለ ግንቡ ብቻ ይሆናል። ግንቡ ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ እኛን ስላልማረከን ልንነጥቀው መብት የለንም።

«እንግዲያው ዝም ይባል ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ማንም ባይገምት ኖሮ «ቢራ» ቤት መሆኑ አይታወቅም ነበር። ሊትማን ገመተ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት አረሙት፣ አሻሻሉት። በ1964 ሮቤርቶ ጉስማኒ የልድይኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ያለ ድፍረት ዕውቀት አይራመድም። ዳሩ ግን ግምትን ግምት ብሎ ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ ግምትን እውነት ብሎ መሸጥ ሌላ። በመጀመሪያው፣ ነገ አዲስ ድንጋይ ቢገኝ ሟቹ ሊያርመን ይችላል። በሁለተኛው በሩን ዘግተንበታል።

ሕያው ሰው ቢበደል ይጮኻል፤ ይከሳል። ሟች ግን ያለው ዳኛ የአንባቢው ሕሊና ብቻ ነው። ስለዚህ ከአጠራጣሪ ቃል አጠገብ የምትቀመጠዋን የጥያቄ ምልክት የድንቁርና ምስክር አድርጌ አላያትም። ለማኔስ የተጠበቀች የመናገር ተራው ናት። «ላቅሪሳ» ማስረጃ እስኪመጣለት ድረስ ከነምልክቱ ይቆይ፤ ያስቀመጠው ሰው እስካሁን ባለቤቱ ነውና።